ስንት መሶብ አነሣችሁ?

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ላይ ጌታ ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን በጥያቄ ያጣደፈበት ቦታ አለ። ጀልባ ላይ ናቸው። እንጀራ መያዝ ረስተዋል፤ ያላቸው አንድ ብቻ ነው። እርሱ ከፈሪሳውያንና ከሄሮድስ እርሾ እንዲጠነቀቁ ሲነግራቸው፣ እነርሱ ነገሩን ወደ ስንቃቸው ወሰዱት። “እንጀራ ስለሌለን ነው” ተባባሉ።

ያኔ ጠየቃቸው። 5ቱን እንጀራ ለ5 ሺህ ሰው በቈረስሁ ጊዜ ቍርስራሹ የሞላ ስንት መሶብ አነሣችሁ? “አሥራ ሁለት” አሉት። 7ቱንስ ለ4 ሺህ በቈረስሁ ጊዜ ስንት ቅርጫት? “ሰባት” አሉት። “ገና አላስተዋላችሁምን?” አላቸው።

ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር የሚያስቆመኝ መልሳቸው ትክክል መሆኑ ነው። አልረሱም። ቁጥሩ ቅንጣት አልጠፋባቸውም። እንዴትስ ይጠፋባቸዋል? እንጀራውን ለሕዝቡ ያደሉት በገዛ እጃቸው ነው። የተረፈውንም ሲሰበስቡ ውለዋል። የጎደላቸው ነገር ሌላ ነው። ያዩትን ነገር ዛሬ ከገጠማቸው ነገር ጋር አላገናኙትም። 12 መሶብ ትዝ እያላቸው ስለ አንድ እንጀራ ይጨነቃሉ።

ይህ ደግሞ የመጀመሪያቸው አይደለም። ምዕራፍ 6 ላይ 5 ሺው ሰው ከጠገበ በኋላ፣ በዚያው ሌሊት ኢየሱስ በባሕር ላይ እየሄደ ወደ እነርሱ ሲመጣ በጣም ደነገጡ። ማርቆስ ምክንያቱን አልደበቀም። ስለ እንጀራው አላስተዋሉም ነበር፣ ልባቸውም ደንዝዞ ነበር ይለናል። ከዚያ ሌላ ሕዝብ ተራበ። “በዚህ ምድረ በዳ እነዚህን የሚያጠግብ እንጀራ ከየት ይገኛል?” ብለው ጠየቁ። ምንም እንዳላዩ ሰዎች! ሁለተኛውንም ተአምር አዩ። ከዚያም ጀልባው ላይ ወጡና ያው ጭንቀት ጀመራቸው።

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ሐዋርያቱን ለመውቀስ አይደለም። እኛም ጀልባው ላይ ስላለን ነው። “ኑሮ ያስተምረዋል” እንላለን። አንድ ሰው ብዙ ካሳለፈ ብዙ ተምሯል ብለን እናስባለን። በእውነት ግን ኑሮ ብቻውን አያስተምርም። ብዙ አይቶ ምንም ያልተማረ ሰው አለ። እንደውም ካየው ነገር የተሳሳተ ትምህርት ይዞ የወጣም አለ። ይሄኛው ይብሳል።

ዘኍልቍ ምዕራፍ 13ን አስቡ። ሙሴ 12 ሰዎችን የከነዓንን ምድር እንዲሰልሉ ላከ። ሁሉም አብረው ሄዱ። ሁሉም 40 ቀን ቆዩ። ያዩት ምድር አንድ ነው፤ ያዩት ከተማ፣ ያዩት ቅጥር አንድ ነው። ከኤሽኮል ሸለቆ የቈረጡት የወይን ዘለላ ትልቅ ስለነበረ ሁለት ሰዎች በመሎጊያ ተሸክመውት መጡ። ማስረጃው በሁሉም ፊት ነው። ሲመለሱ ግን 10ሩ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ኢያሱና ካሌብ ሌላ። 10ሩ የተናገሩት ውሸት ብቻ አልነበረም። ቅጥሩ እውነት ነው። ግዙፎቹ ሰዎች እውነት ናቸው። “እኛም በዓይናችን እንደ አንበጣ ነበርን” ማለታቸው ግን ከምድሪቱ የመጣ አይደለም፤ ይዘውት የሄዱት ነው። ራሳቸውን የለኩት በግዙፎቹ ቁመት ነው። ካሌብና ኢያሱ ግዙፎቹን የለኩት ከግብፅ ባወጣቸው አምላክ ነው።

አንድ ዓይነት ልምድ፣ ሁለት ትምህርት። ስለዚህ “ብዙ አይቻለሁ” ማለት ብቻውን አይበቃም። ያየኸውን በምን ዓይን አየኸው? ከማን ጋር ሆነህ አየኸው? ሁለት ሰዎች ከአንድ መሥሪያ ቤት ይሰናበታሉ። አንዱ “ሰው አይታመንም” የሚል ትምህርት ይዞ ይወጣል። ሌላው “ሥራዬ አምላኬ አልነበረም” ይላል። የመሰናበቻው ደብዳቤ ግን ቃል በቃል አንድ ነው።

ካሌብን ደግሞ ከ45 ዓመት በኋላ እናገኘዋለን። ኢያሱ ምዕራፍ 14 ላይ ነው። ሰላይ ሆኖ ሲላክ 40 ዓመቱ ነበር፤ አሁን 85 ሆኗል። ከኢያሱ በቀር ጓደኞቹ ሁሉ በምድረ በዳ አልቀዋል። በሌሎች አለማመን ምክንያት የጉልምስና ዘመኑን በረሃ ውስጥ ሲዞር ያሳለፈ ሰው ነው። መራራ ቢሆን ማን ይፈርድበታል? እርሱ ግን ዓመቶቹን ሲቆጥር የሚጀምረው ከእግዚአብሔር ቃል ነው። እግዚአብሔር እንደተናገረ በሕይወት አኖረኝ አለ። ቀጥሎም ያንን የፈሩትን ተራራ፣ ግዙፎቹ ዔናቃውያን ያሉበትን፣ ስጡኝ ብሎ ጠየቀ። ዕድሜ የሚያስተምረው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ያለፈውን በእግዚአብሔር ፊት አስቀምጦ የሚያስበውን።

ሙሴም ሕዝቡን ያዘዘው ይህንኑ ነው። በዘዳግም 8፥2 ላይ አምላክህ እግዚአብሔር በእነዚህ 40 ዓመታት በምድረ በዳ የመራህን መንገድ ሁሉ አስብ ይላል። ከኮሬብ ተራራ እስከ ተስፋይቱ ምድር ደጃፍ እስከ ቃዴስ በርኔ 11 ቀን የሚያስኬድ መንገድ እንደሆነ እዚያው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ተጽፏል። 11 ቀን ሊሆን የሚችለው ጉዞ 40 ዓመት ሆነ። ሙሴ ግን እነዚያን ዓመታት እንደ ባከነ ጊዜ እርሱት አላለም። አስቡት አለ። እግዚአብሔር በእነዚያ ዓመታት ትሑት አደረገህ፣ ፈተነህ፣ በልብህ ያለውንም አወጣው አላቸው። አስራበህ፣ መናንም አበላህ። ልብስህ አላረጀም፣ እግርህም አላበጠም።

ይህች የመጨረሻዋ ነገር በጣም ትገርመኛለች። ባሕር ሲከፈል ሁሉም ያያል፤ መዝሙርም ይዘመርለታል። ያላበጠ እግር ግን ማን ልብ ይለዋል? ጠዋት ተነሥቶ “ዛሬም እግሬ አላበጠም” የሚል ሰው የለም። ያልሆነ ነገር አይታይም። ሙሴ ግን ከትልልቆቹ ተአምራት ጋር ቆጠረው። እኛም ሕይወታችንን ስናስብ ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው ትልልቁን ነው፤ የተፈወስንበትን፣ ሥራ ያገኘንበትን፣ የተጋባንበትን ቀን። እግዚአብሔር የጠበቀን ግን በአብዛኛው ምንም ባልተፈጠረባቸው ቀናት ነው። ያልሆነብንን ነገር ማሰብ ራሱን የቻለ ጸሎት ነው። ሞክሩት።

“መንገድ ሁሉ” ሲል ደግሞ መራራውንም ጭምር ነው። ዘጸአት 15 ላይ ሕዝቡ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ሦስት ቀን ውኃ አጡ። ማራ ደርሰው ያገኙት ውኃ የማይጠጣ ሆነ፤ አጉረመረሙ። እግዚአብሔር ውኃውን አጣፈጠላቸው። ከዚያ የደረሱት ኤሊም ነው፤ 12 የውኃ ምንጮችና 70 የተምር ዛፎች ወዳሉበት። ማራ ላይ ቆመው ኤሊምን አያውቁትም ነበር። እኛ ግን ወደ ኋላ ስናይ ሁለቱንም እናያለን። ወደ ኋላ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ዛሬ ማራ ላይ ያለ ሰው፣ ከዚህ በፊት ከማራ በኋላ ምን እንደመጣ ማሰብ ይችላል።

የዘዳግም 8 ትምህርት እስከ የት እንደደረሰም ተመልከቱ። ረሀብና መና ያለፈው ትውልድ ያገኘው ትምህርት፣ ሰው በእንጀራ ብቻ እንደማይኖር ነው። ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ጌታ ኢየሱስ በምድረ በዳ 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾሞ ተራበ። ፈታኙ ድንጋዩን እንጀራ አድርግ ሲለው፣ የመለሰለት በዚህ ቃል ነው። የአባቶች ረሀብ ያስተማረው ትምህርት በልጁ አፍ የድል ቃል ሆነ። በከንቱ ያለፈ ረሀብ አልነበረም።

ስለ ሥራም ላንሣ። ብዙዎቻችን የነቃንበትን ሰዓት በአብዛኛው የምናሳልፈው ሥራ ላይ ነው። የእግዚአብሔር ትምህርት ቤት ግን ጉባኤ ብቻ ይመስለናል። ሙሴ እግዚአብሔርን በቁጥቋጦው ውስጥ ያገኘው የአማቱን በጎች እየጠበቀ ነው። ዳዊት ከእረኝነቱ ተጠራ። ጴጥሮስ ከመረቡ፣ ማቴዎስ ከቀረጥ መቀበያው። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ድንኳን ይሰፋ ነበር፤ ለኤፌሶን ሽማግሌዎችም በእነዚህ እጆቼ ለራሴና አብረውኝ ላሉት የሚያስፈልገውን አገለገልሁ ብሏቸዋል።

እኔ በሥራ ዓለም ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ብዙ ያስተማሩኝ አንድ አንጋፋ የሂሳብ ባለሙያ ናቸው። ስብከት ሲሰብኩ ሰምቻቸው አላውቅም። ወር መዝጊያ ላይ የባንክ ሂሳብ ሲታረቅ ልዩነት መጣ። እዚህ ግባ የማትባል ልዩነት ናት። ሁሉም ደክሞታል፣ መሽቷል። አንዱ ባልደረባችን “ልዩ ልዩ ወጪ ውስጥ አስገብተን እንዝጋው” አለ። እሳቸው መነጽራቸውን ጠረጉና “ትንሽ ስለሆነች ነው የምትፈራው” አሉ። ቁጭ ብለው ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። መጨረሻ ላይ ተገኘ። አንድ ከፍ ያለ ክፍያ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። ሌላ ከፍ ያለ ክፍያ ደግሞ ጭራሽ አልተመዘገበም። ሁለቱ ተቻችለው ነው ትንሿን ልዩነት ያሳዩት። ሁለት ትልልቅ ስህተቶች ከአንዲት ትንሽ ቁጥር ጀርባ ተደብቀው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጌታ በሉቃስ 16፥10 “ከሁሉ በሚያንስ የታመነ በብዙ ደግሞ የታመነ ነው” ያለውን ሳነብ እሳቸው ትዝ ይሉኛል። ነፍስም እንደዚያ ሂሳብ ናት። በቤቴ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቃል ስታስቆጣኝ፣ ከቃሏ ጀርባ ሌላ ነገር አለ። ጸሎት ትንሽ ሲከብደኝ፣ ከክብደቱ ጀርባ ሌላ ነገር አለ። “ትንሽ ናት” ብዬ ልዩ ልዩ ውስጥ መክተት እችላለሁ። ወይም ቁጭ ብዬ ከጌታ ጋር ደረሰኞቹን ማየት እችላለሁ። መዝሙረኛው “መርምረኝ” ብሎ የለመነው የዚህ ዓይነቱን ፍተሻ ይመስለኛል።

እሳቸው ያንን ያደረጉት ማንም ስላየ አይደለም። አለቃው ሄዷል። ኦዲተርም ቢመጣ ያቺን ቁጥር ላያያት ይችላል። ጳውሎስ በቆላስይስ 3 ላይ የምታደርጉትን ሁሉ ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምታደርጉ በትጋት አድርጉ ሲል በመጀመሪያ የተናገረው ለባሪያዎች ነው። ሥራቸውን ማንም ለማያመሰግንላቸው ሰዎች። ይህን ማወቅ ቃሉን ያከብደዋል። ደመወዙ ጥሩ፣ አለቃው ደግ ለሆነለት ሰው ብቻ የተነገረ ምክር አይደለም።

ስለ ማስተማር ግን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም ከእናንተ መካከል ሰንበት ትምህርት ቤት፣ የቤት ውስጥ ጥናት፣ የወጣቶች ቡድን የምታስተምሩ ብዙዎች ናችሁ።

በአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ማቴዎስ 5፥23 እና 24ን እናጠና ነበር። መባህን በመሠዊያው ላይ ልታቀርብ ስትል ወንድምህ ያዘነብህ እንደሆነ ትዝ ቢልህ፣ መባህን ትተህ አስቀድመህ ሄደህ ታረቅ የሚለውን። ለቡድኑ አንድ ነገር አስረዳሁ። ጌታ ይህን ሲናገር የሚሰሙት በገሊላ ያሉ ሰዎች ናቸው። መሠዊያው ያለው ግን ኢየሩሳሌም ነው። ከገሊላ ኢየሩሳሌም በእግር የቀናት ጉዞ ነው። ስለዚህ “ትተህ ሂድ” ማለት ጎረቤት ደርሶ መመለስ አይደለም። ቀናት ተጉዞ መመለስ፣ ታርቆ እንደገና ቀናት መጓዝ ነው። ወንዶቹ ማስታወሻ ያዙ። ጥያቄም ተነሣ፤ ጥሩ ውይይት ሆነ።

ጥግ ላይ የሚቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ማንበብ አይችሉም፤ ያዳምጣሉ። ያን ዕለት ምንም አልተናገሩም። በሚቀጥለው ሳምንት ቀሩ። ተመልሰው ሲመጡ “እማማ፣ ደህና ነዎት? ጠፉብን እኮ” አልኳቸው። “መባዬን ትቼ ሄጄ ነበር ልጄ” አሉኝ። ሌላ ከተማ የምትኖር፣ ለብዙ ዘመን የተኳረፏት እህት ነበረቻቸው። አውቶቡስ ተሳፍረው ሄደው፣ ታርቀው፣ አብረዋት ሰንብተው መጡ። ከዚያ ሻርፓቸውን አስተካክለው የተለመደች ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

እኔ ርቀቱን አስረዳሁ። እሳቸው ርቀቱን ሄዱት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት የምለካበት መንገድ ተለውጧል። ስንት ሰው መጣ፣ ማን አደነቀ፣ ማን ማስታወሻ ያዘ የሚለው ሁሉ ቦታውን ይዟል። ዋናው ጥያቄ ግን ማን ተነሥቶ ሄደ የሚለው ሆነ። ስለ ዕዝራ የተጻፈው ቅደም ተከተል ልብ ይነካል። የእግዚአብሔርን ሕግ ሊፈልግና ሊያደርግ፣ ከዚያም ሊያስተምር ልቡን አዘጋጀ ይላል፤ ዕዝራ 7፥10 ላይ ነው። ማድረጉ ከማስተማሩ በፊት መጥቷል። ጳውሎስም በሮሜ 2፥21 “እንግዲህ አንተ ሌላውን የምታስተምር ራስህን አታስተምርምን?” ብሎ ይጠይቃል። ያዕቆብ ደግሞ ብዙዎቻችሁ አስተማሪዎች አትሁኑ፣ የባሰውን ፍርድ እንቀበላለንና ብሎ ያስጠነቅቃል። ይህ ቃል ሰውን ከአገልግሎት ለማባረር አይደለም። አስተማሪ በተናገረው መጠን እንደሚጠየቅ እንዲያውቅ ነው።

አስተማሪ መማር ሲያቆም ያስታውቃል። ምሳሌዎቹ ያረጃሉ። ጥያቄ ሲጠየቅ ይቆጣል። በዚህ ነገር አጵሎስን በጣም እወደዋለሁ። ሐዋርያት ሥራ 18 ላይ ነው ታሪኩ። የእስክንድርያ ሰው ነው፤ ንግግር አዋቂ፣ በመጻሕፍትም የበረታ። ስለ ኢየሱስ በትክክል ያስተምራል፤ የሚያውቀው ግን የመጥምቁ ዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነው። ኤፌሶን ምኵራብ ውስጥ በድፍረት ሲናገር ጵርስቅላና አቂላ ሰሙት። ድንኳን ሰፊዎች ናቸው። በጉባኤው መካከል ተነሥተው አላረሙትም። ወደ እነርሱ ወሰዱት፤ የእግዚአብሔርንም መንገድ ከፊት ይልቅ አብልጠው ገለጡለት።

እዚህ ጋ የሁለቱም ወገን ልብ ደስ ይላል። ባልና ሚስቱ ጉድለቱን አይተው አላሙትም፣ አላዋረዱትም። እርሱም “እናንተ ድንኳን ስፉ፣ ቃሉን ለእኔ ተዉልኝ” አላላቸውም። ከዚያ በኋላ አካይያ ሲደርስ ያመኑትን እጅግ ጠቀማቸው ተብሎ ተጽፎለታል። ዛሬ አንድ ታዋቂ ሰባኪን ለብቻው ወስዶ በፍቅር የሚያስረዳው ሰው ስንት አለ? ከዚህ ይልቅ ስልክ ላይ ቆርጦ ማሰራጨት ይቀለናል። የሚሰማስ ሰባኪ ስንት አለ? ሙሴ እንኳ፣ እግዚአብሔር ፊት ለፊት ያነጋገረው ሰው፣ አማቱ ዮቶር “የምታደርገው ይህ ነገር መልካም አይደለም” ሲለው ሰምቶ አሠራሩን ቀየረ። ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ መዋሉን ትቶ የሺህና የመቶ፣ የኀምሳና የዐሥር አለቆችን ሾመ። እርማት ያልተመቸው አገልጋይ ስንቱን ትምህርት እንዳመለጠው አያውቅም።

አሁን አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ ይህን ሳልል ማለፍ አልችልም። ሰው ኀዘን ላይ ሳለ “ከዚህ ምን ተማርክ?” ብላችሁ አትጠይቁት። ትምህርቱ አለ ወይም ይኖራል። ግን የሚናገርበት ጊዜ የእኛ አይደለም። የኢዮብ ጓደኞች ጥሩ ነገር ያደረጉት 7 ቀንና 7 ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው ዝም ባሉ ጊዜ ነው። ጥፋታቸው የጀመረው ማብራራት ሲጀምሩ ነው። የሚገርመው፣ ኢዮብ በመጽሐፉ መጀመሪያ በሰማይ የሆነውን ነገር እንደተነገረው አናነብም። እኛ አንባቢዎቹ የምናውቀውን እርሱ ሳያውቅ ነው ያመነው። ምክንያቱን አላገኘም፤ እግዚአብሔርን ግን አገኘ። ስለዚህ ሁሉም መከራ መጨረሻው ላይ ግልጽ ማብራሪያ አለው ብለን ለሰው ቃል አንግባ።

ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲለየው ሦስት ጊዜ ለመነ። የለመነው አልሆነም። “ጸጋዬ ይበቃሃል፥ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና” የሚል መልስ አገኘ። ይህን ቃል ዛሬ ግድግዳችን ላይ እንሰቅለዋለን። ሲመጣ ግን የተከለከለ ልመና መልስ ሆኖ ነበር የመጣው። ያው ጳውሎስ ታስሮ ሳለ ለፊልጵስዩስ ሰዎች “የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ” ብሎ ጻፈ። አብሮት አልተወለደም ማለት ነው። በመጥገብም በመራብም፣ በመብዛትም በመጉደልም አልፎ የተማረው ነው። ለእኔ ይህ ትልቅ መጽናናት ነው፤ ምክንያቱም የሚማሩት ነገር ከሆነ ገና ያልደረሰበት ሰው ተስፋ አለው።

ጴጥሮስ ራሱ ተምሯል። ሉቃስ 5 ላይ ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ ምንም ሳይዝ አደረ። በጌታ ቃል መረቡን ጣለና ብዙ ዓሣ ያዘ። ያኔ በኢየሱስ ጉልበት ፊት ወድቆ “ከእኔ ተለይ” አለ። ዮሐንስ 21 ላይ ደግሞ ያው ባሕር፣ ያው ባዶ ሌሊት፣ ያው የሞላ መረብ ነው። በመካከል ክህደት አለ፣ መስቀል አለ፣ ትንሣኤ አለ። አሁን ግን “ጌታ እኮ ነው” ሲባል ጴጥሮስ ጀልባው እስኪደርስ አልጠበቀም። ልብሱን ታጥቆ ባሕሩ ውስጥ ገባ። ድሮ “ተለይ” ያለው ሰው አሁን ወደ እርሱ ይዋኛል። የዓሣው ብዛት 153 መሆኑ ተቆጥሮ ተጽፏል። እኔን ግን የሚማርከኝ ያ ዝላይ ነው።

ታዲያ ያለፈውን እንዴት እናስብ? ብዙዎቻችን ቢዚ ነን። ቀኑ ቀኑን እያባረረው ዓመት ያልፋል። እኔ የምመክረው ቀላል ነገር ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡና ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ። ከሕይወታችሁ አንድ ዘመን ምረጡ፤ ተማሪ የነበራችሁበትን፣ ሥራ ያጣችሁበትን፣ ልጅ የወለዳችሁበትን። ያኔ ምን ፈርታችሁ እንደነበር ጻፉ። ምን ለምናችሁ እንደነበር ጻፉ። የሆነውን ጻፉ። ያልተመለሰውንም ጸሎት ሳትደብቁ ጻፉ። ከዚያ ዛሬ የሚያስጨንቃችሁን ነገር ከጎኑ አስቀምጡት። ደቀ መዛሙርቱ ያላደረጉት ይህን ነው።

ደግሞም ለሰው ንገሩ። ኢያሱ ምዕራፍ 4 ላይ ከዮርዳኖስ መካከል 12 ድንጋዮች ወጥተው በጌልገላ ቆሙ። ልጆች ስለ ድንጋዮቹ ሲጠይቁ እንዲነገራቸው ነው። ሆኖም መሳፍንት 2፥10 ላይ ያ ትውልድ ሁሉ ወደ አባቶቹ ከተከማቸ በኋላ፣ እግዚአብሔርንና ለእስራኤል ያደረገውን ሥራ ያላወቀ ሌላ ትውልድ ተነሣ ይላል። ድንጋይ ብቻውን አይናገርም። ልጁ ሲጠይቅ የሚመልስለት ሰው ይፈልጋል።

ወጣቶቻችን ዛሬ ስብከት አላጡም። ስልካቸው ውስጥ ሞልቷል። ያጡት አንድ የሚያውቁት ታላቅ ሰው ቁጭ ብሎ “እኔ በዚህ በኩል አልፌያለሁ፣ እግዚአብሔርም እንዲህ አደረገልኝ” ሲላቸው መስማት ነው። እናንተ በዕድሜ የገፋችሁ፣ “እኔ ምን አውቃለሁ፣ አስተማሪ አይደለሁም” የምትሉ፣ እባካችሁ ዝም አትበሉ። መዝሙረኛው “እናንተ እግዚአብሔርን የምትፈሩ ሁሉ፥ ኑ፥ ስሙኝ፥ ለነፍሴ ያደረገላትን ልንገራችሁ” አለ። ለዚህ መድረክ አያስፈልግም። ስትናገሩ ግን መጨረሻውን ብቻ አትንገሯቸው። ስንጠብቅ የቆየንበትን ጊዜ ዘለን መልሱን ብቻ ስንመሰክር፣ ገና እየጠበቀ ያለው ወጣት “የእኔ እምነት ጎደሎ ነው” ብሎ ይሄዳል። የጠበቃችሁትን ዓመታት ንገሯቸው። የተጠራጠራችሁበትን ሌሊት ንገሯቸው። እስከ ዛሬ ያልተመለሰላችሁና አሁንም የምትጸልዩበት ነገር ካለ እሱንም ጨምሩበት፤ አብረዋችሁ እንዲጸልዩ ጠይቋቸው።